በገበቴ ወርቅ ማጠብ ለጀማሪ፦ ጥቁር አሸዋው ላይ ስደርስ ግራ ይገባኛል

አዲስ_አጣቢ
ሰላም ለሁላችሁ። በገበቴ ወርቅ ማጠብ እየተለማመድኩ ነው። ዕቃዬ 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አረንጓዴ የፕላስቲክ ገበቴ ነው፤ በአንድ ጎኑ ሦስት እርከን አለው። ጠጠሩና ነጩ አሸዋ ብዙም ሳያስቸግር ይወጣል። ሁለት ማንኪያ የምታህል ጥቁር አሸዋ ስትቀር ግን መላው ይጠፋኛል፤ ቀስ ሲሉት ንቅንቅ አይልም፣ ፈጠን ሲሉት ጠቅልሎ ይሄዳል። ሦስት ነገር ንገሩኝ። ወርቁ ከአሸዋው ጋር እየወጣ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ጥቁሩ አሸዋ እንዴት ይለያል? አፈሩስ ከወንዙ የት የት ቢወሰድ ይሻላል?

ዝቃጭ
ወንድሜ፣ ጥቁር አሸዋው ላይ የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ገበቴው ገና ሙሉ ሳለ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ማጠቡ ነው፤ ወርቁን የሚይዘው ግን ነቅነቃው ነው። ከባዱ ታች፣ ቀላሉ ላይ ሳይደረደር ገበቴውን ካዘነበልከው የምታጥበው ድብልቁን ነው።

ቁጥሩን እየው። ንጹሕ ወርቅ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ይመዝናል፤ የወንዝ ወርቅ ብር ስለሚቀላቀልበት ትንሽ ይቀንሳል። ነጩ አሸዋ፣ ማለትም ኳርትዝ፣ 2.65 ነው። በጥቁር አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ማግኔታይት 5.2 ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ከእያንዳንዱ ላይ 1 ይቀነሳል። እንግዲህ አየር ላይ ወርቅ ከኳርትዝ 7 እጥፍ ሲከብድ፣ ውሃ ውስጥ 11 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ገበቴው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይነቅነቅ የሚባለው ለዚህ ነው። ከማግኔታይት ጋር ሲወዳደር ግን እዚያው ውሃ ውስጥ እንኳ ብልጫው 4 እጥፍ ከምናምን ነው። አሸዋው ያስቸገረህ እጅህ ስላልሠራ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱ ራሱ ጠቧል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፈሩን 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት አሳልፈህ ገበቴውን እስከ ግማሹ ሙላ። እጅህ ሲለምድ እስከ ሦስት አራተኛው መድረስ ትችላለህ። ገበቴውን ከውሃው በታች አድርገህ አፈሩን በሁለት እጅህ እንደ ሊጥ እሸው። አንዲት የጭቃ እንክብል እንኳ ሳትሟሽሽ መቅረት የለባትም፤ ጭቃ ወርቁን ጠቅልሎ ይዞ ከጠጠሩ ጋር ይወጣል። የቀረውን ትልልቅ ጠጠር እዚያው ገበቴው ውስጥ እያለቀለቅህ ጣል።

አሁን ገበቴውን ደልዳላ አድርገህ ያዝና ግራና ቀኝ በኃይል ነቅንቀው፤ 15 ሰከንድ ያህል። አፈሩ እንደ ገንፎ መላወስ አለበት። እንደ አንድ ቁራጭ ተያይዞ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ወይ ውሃ አንሶታል ወይ ጭቃው አላለቀም፤ እንዲህ ሆኖ ዓመት ብትነቀንቀው ምንም አይወርድም። ከዚያ እርከኑን ከፊትህ አድርገህ ገበቴውን ወደ ፊት አዘንብል፤ 25 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ከንፈሩን ከውሃው በታች አጥልቀህ ቀስ ብለህ አውጣው። ውሃው ሲመለስ የላይኛውን ስስ ንጣፍ ብቻ ይዞ ይሂድ። ይህን 4 ወይም 5 ጊዜ አድርግ። ከዚያ ቁም! ደልዳላ መልሰህ እንደገና ነቅንቅ። 5 ጊዜ ማጠብ፣ 15 ሰከንድ መነቅነቅ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። ስድስተኛና ሰባተኛ እያሉ መቀጠል ያጓጓል፤ ወርቁ የሚሄደውም ያኔ ነው።

ጠጠር
ዝቃጭ ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ገበቴው አዲስ ከሆነ ከመጠቀምህ በፊት በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በደቃቅ አሸዋ አጥብቀህ ፈትገው። ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት ይይዛል፤ ደቃቅ ወርቅ ቅባት ከነካ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የብረት ገበቴ ከሆነ እሳት ላይ አግለህ ቅባቱን ማቃጠል ነው። በክሬም ወይም በላብ የወዛ እጅም ያው ቅባት ነው።

ብልቃጥ_በኪስ
ወርቅ እየወጣ እንደሆነ በምን ይታወቃል ላልከው መልሱ ቀላል ነው፦ ወንዙ ውስጥ አትጠብ። ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በውሃ ሙላና እዚያ ውስጥ እጠብ። ከገበቴው የወጣው ሁሉ ሳፋው ሥር ስለሚቀር መልሰህ ታጥበዋለህ። በሁለተኛው እጥበት ወርቅ ከታየ ነቅነቃህ አጥሯል፤ ምንም ካልታየ እጅህ እየሠራ ነው።

ከዚያ የሚሻል መፈተኛ ደግሞ እርሳስ ነው። ከዓሣ ማጥመጃ እርሳስ 10 ፍርፋሪ ቁረጥ፤ የስንዴ ፍሬ ግማሽ እንኳ የማይሞሉ ይሁኑ። አምስቱን በመዶሻ ጠፍጥፋቸው፣ አምስቱን እንዳሉ ተዋቸው። ቆጥረህ ወርቅ ከሌለው አሸዋ ጋር ደባልቅና ሳፋው ላይ እጠብ። እርሳስ 11.3 ስለሆነ ከወርቅ ይቀላል፤ እርሳሱን ያስቀረ ሰው ተመሳሳይ መጠንና ቅርጽ ያለው ወርቅ አያመልጠውም። ልምምዱ ሳፋ ላይ ብቻ ይሁን፣ እርሳስ ወንዝ ውስጥ አይጣልም። ሲያልቅ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ያንን ሳፋ ለልብስም ለምግብም አትመልሰው።

የአለት_ስንጥቅ
የት ይወሰድ ለሚለው እኔ ልመልስ።

ውሃ ወርቅን የሚሸከመው ጉልበት ሲኖረው፣ የሚጥለው ጉልበት ሲያጣ ነው። ወንዙ ሲታጠፍ በውጭው በኩል ያለው ውሃ ይሮጣል፣ ዳሩንም ይቦረቡራል። በውስጠኛው በኩል ያለው ይዝላል፤ አሸዋና ጠጠር የሚከምረውም እዚያ ነው። ስለዚህ ከውስጠኛው መታጠፊያ ጀምር፤ በተለይ የክምሩ ራስ፣ ማለትም ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ያለው ጫፍ። ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ፣ ውሃው ዞሮ የሚያርፍበት ቦታ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ቁልቁለቱ አልቆ ወንዙ ድንገት የሚንጣለልበት ነው። ከፏፏቴ ሥር ያለው ጉድጓድ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ውሃው እዚያ ሁሉንም እየፈጨ ያወጣዋል። ከጉድጓዱ ዝቅ ብሎ ውሃው የሚረጋበትን ፈልግ።

ላይ ላዩን የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጎርፍ ያመጣው ደቃቅ ነው። ሻል ያለው ወርቅ አሸዋው ሲንቀሳቀስ እየሰረገ ወርዶ አለቱ ላይ ያርፋል። አለቱ የወራጁን አቅጣጫ በሚያቋርጥ መልኩ አግድም የተሰነጣጠቀ ከሆነ ስንጥቁ እንደ ገበቴህ እርከን ነው። በዶማ ጫፍ ወይም በታጠፈ ሽቦ ፍቀው፣ በትንሽ ብሩሽ ጥረገው፣ የወጣውን በማንኪያ ሰብስብ፤ ከስንጥቁ የሚወጣ አንድ ጣሳ ጭቃ ከላይ ከተዛቀ ሙሉ ባልዲ ሊበልጥ ይችላል። ለስላሳና ልሙጥ አለት ግን ምንም አይዝም።

አንዳንዴ አለቱ ሳይደረስ ጠንካራ የሸክላ አፈር ንጣፍ ይገጥምሃል። ወርቁ አልፎት ስለማይሰርግ እሱም እንደ አለት ያገለግላል። ከንጣፉ ላይ ያለውን ጠጠርና የንጣፉን የላይኛውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሰድ፤ ሸክላውን ግን ባልዲ ውስጥ ለሰዓታት ዘፍዝፈህ አሟሽሸው።

በደረቅ ወቅት ከውሃው ከፍ ብሎ የጎርፍ መድረሻ የነበረ የሣርና የድንጋይ ሽበት ሥር ካገኘህ ሥሩን ባልዲ ውስጥ ጨምቀህ እጠበው፤ ደቃቅ ወርቅ ያጣራል። ሣሩን ነቅለህ ዳሩን ራቁቱን አትተወው እንጂ።

ሄዋን_ፈላጊ
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። ገበቴው ውስጥ ብዙ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ፤ ወርቅ ነው ብዬ ሰብስቤ ሳደርቀው በጣት ሲታሽ እንደ ቅርፊት ይፈረካከሳል። ይሄ ምንድን ነው?

ዝቃጭ
እህቴ፣ ያ ሚካ ነው፤ ስስ ቅርፊት ሆኖ የሚላጥ ማዕድን። ጥላ አድርጊበት፦ ገበቴውን በገላሽ ከፀሐይ ከልይው። ሚካና ፓይራይት (ያ የሞኝ ወርቅ የሚሉት ማዕድን) ብርሃን ሲነሳቸው ይጠፋሉ፣ ስታዞሪያቸው ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ወርቅ በፀሐይም በጥላም ያው ቢጫ ነው፣ አይቅለጨለጭም።

አካሄዳቸውንም ተመልከቺ። ሚካ ውሃው ሲነካው ተነስቶ ይዋኛል። ወርቅ ሁሉም ሄዶ መጨረሻ የሚነቃነቅ ሰነፍ ነው። "ወርቅ ይሆን?" ብለሽ የምትጠይቂው ነገር ከአሸዋው ቀድሞ የሚሮጥ ከሆነ አይደለም።

ፓይራይት ክብደቱ 5 ስለሆነ ከጥቁሩ አሸዋ ጋር ይቀራል። እሱን በመርፌ ጫፍ ተጫኚው፤ ፓይራይት ይሰበራል፣ ወርቅ ይጠፈጠፋል ወይም የመርፌው ምልክት ይቀርበታል። ፍሬው ተለቅ ካለ ባልተለበጠ የሴራሚክ ንጣፍ ጀርባ ላይ አስምሪበት፦ ወርቅ ቢጫ ያሰምራል፣ ፓይራይት አረንጓዴ የሚመስል ጥቁር።

አዲስ_አጣቢ
ይህ ሁሉ በጣም ጠቅሞኛል፣ አመሰግናለሁ። ጥቁሩን አሸዋ በማግኔት ማውጣት ይቻላል የሚል ሰው አለ። ልክ ነው?

ጠጠር
ይቻላል። ግን እርጥብ ሳለ ማግኔቱን ዝም ብለህ አሸዋው ውስጥ አትክተት። ማግኔታይቱ እንደ ፂም ተሰብስቦ ሲጣበቅ በመሃሉ ወርቅ አቅፎ ይነሳል፤ ያንን ጠርገህ ስትጥል ወርቁንም ጣልከው።

ብልቃጥ_በኪስ
እዚህ ላይ ከጠጠር ጋር በግማሽ ብቻ ነው የምስማማው። እርጥብ መሆኑ አይደለም የሚጎዳው፣ መጠጋቱ ነው። ማግኔቱን በስስ ላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው። ገበቴው ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውሃ አድርግና ማግኔቱን ከአሸዋው ከፍ አድርገህ አሳልፈው፤ ጥቁሩ ዘሎ ይምጣ እንጂ ማግኔቱ አይውረድ። የተያዘውን ወደ ሌላ ንጹሕ ውሃ ያለበት ሳህን ውሰድና ማግኔቱን ከከረጢቱ ውስጥ ሳብ፤ አሸዋው ይራገፋል። ሳህኑ ውስጥ የተራገፈውን እንደገና በማግኔት አንሳው። ሁለት ጊዜ ከተደረገ በመሃል የታቀፈው ወርቅ ሳህኑ ሥር ይቀራል። ደርቆ ከሆነ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተህ ማግኔቱን ከወረቀቱ በታች አንቀሳቅስ፤ ጥቁሩ ይጎተታል፣ ወርቁ ባለበት ይቀራል።

ይሁን እንጂ ማግኔት ሁሉን አይጨርስም። ሄማታይት፣ ጋርኔት፣ ዚርኮን አይሳቡም ወይም እምብዛም አይሳቡም። ለእነሱ ወንፊት ነው መፍትሔው።

ዝቃጭ
ወንፊቱ ላይ አጥብቄ ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚዘለው። ገበቴ በክብደት ብቻ አይለይም፤ በመጠንና በቅርጽም ይለያል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ስስ የወርቅ ቅጠልና 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ማግኔታይት ብታወዳድር ውሃው ቀድሞ የሚያነሳው ቅጠሏን ነው። የተሰበሰበውን ጥቁር አሸዋ በ2 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ በ1 ሚሊ ሜትር፣ ከተገኘም በግማሽ ሚሊ ሜትር ወንፊት ከፋፍለህ እያንዳንዱን ለብቻው እጠብ። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው አንድ ላይ ሲሆኑ የክብደቱ ልዩነት በደንብ ይሠራል። ያ ሁለት ማንኪያ ያስቸገረህ አሸዋ ሦስት ቦታ ሲከፈል ራስህ ትገረማለህ።

መጨረሻውን ወንዝ ዳር አትጨርሰው። ጥቁሩን አሸዋ በጠርሙስ ይዘህ ሂድና ሳፋ ላይ፣ ተቀምጠህ፣ በጥሩ ብርሃን ሥራው። በእርከኑ በኩል ሳይሆን ልሙጡን ጎን ተጠቀም። አንድ ሁለት ጉንጭ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ብቻ ጨምር፣ አንዲት የሳሙና ጠብታ አክልበት። ገበቴውን ትንሽ አዘንብለህ አሸዋውን ወደ አንድ ጥግ ሰብስብ፣ ከዚያ ውሃው በዝግታ በላዩ ላይ እንዲዞር አድርግ። አሸዋው እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይሄዳል፣ ወርቁ ከኋላ እንደ ቢጫ ጅራት ይቀራል። ጠርዙን በጣትህ መታ መታ ስታደርገው ጅራቱ ይበልጥ ይለያል።

ጎርፍ_መጣ
ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ባዜቃ ጨምሮ ወርቁን ጠቅልሎ ማውጣት አይቀልም?

ዝቃጭ
ይቀል ይሆናል፤ አይደረግም። ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ በክፍል ሙቀት እንኳ ይተናል፤ ጢሱ አይታይም፣ አይሸትም። ወርቁን ለማውጣት ሲቃጠል የሚወጣው እንፋሎት በሳንባ ገብቶ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ አጠገብ ያለውን ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ይበልጥ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ፈራሚ አገሮች በባህላዊ የወርቅ ሥራ ላይ እንዲያስቀሩ ከዘረዘራቸው ድርጊቶች መካከል ቅልቅሉን ክፍት ቦታ ላይና መኖሪያ አካባቢ ማቃጠል ይገኙበታል። ገበቴና ወንፊት ለያዘ ጀማሪ ደግሞ የሚያስፈልገው ነገርም አይደለም።

ብልቃጥ_በኪስ
እግረ መንገዴን፦ ቀድሞ ወርቅ ይወጣበት የነበረ ወንዝ ላይ ነጭ፣ ብር የሚመስል ፍሬ ገበቴ ውስጥ ከገጠመ የድሮ ባዜቃ የለበሰ ወርቅ ሊሆን ይችላል። በእጅ አይነካ፣ በምንም ዓይነት አይሞቅ። ውሃ ባለበት በሚከደን ብልቃጥ ለብቻው ይቀመጥ፤ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ ክፍል ይሰጥ።

የአለት_ስንጥቅ
አንድ ገበቴ አጥበው "እዚህ ወርቅ የለም" ብለው ለሚነሱ ሰዎች፦ አንድ ገበቴ ምንም አይነግርም። ከአንድ ክምር ራስ፣ መሃልና ጅራት፣ ከላይና ከሥር፣ እኩል መጠን ባለው ጣሳ አፈር ውሰድ። እያንዳንዱን እጠብና የታየውን ፍንጣቂ ቁጠር፣ ማስታወሻ ላይ ጻፍ። 0፣ 1፣ 0፣ 6፣ 2 ከሆነ ስድስቱ ወዳለበት ሄደህ ጠጋ ጠጋ አድርገህ እንደገና ናሙና ውሰድ። ቁጥሩ ባለበት ነው የሚቆፈረው።

ቁጥሩንም በልክ ተመልከተው። ርዝመቱና ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነ ቅጠል ግማሽ ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። አንድ ግራም ለመሙላት 2 ሺህ ያህሉ ያስፈልጋል። አንድ ግራም ራሱ አንድ ላይ ቢጠቀለል በየጎኑ 3.7 ሚሊ ሜትር የሆነች ኩብ ናት።

ሲቆፈር ደግሞ ከጉልበት በላይ ወደሚጠልቅ ጉድጓድ አይገባ፣ የወንዝ ዳርም ከሥሩ አይሸርሸር፤ እርጥብ ጠጠር ሳያስጠነቅቅ ይደረመሳል። ሰማዩ እዚያ ጠርቶ ከላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ስለሚችል ውሃው ሲደፈርስ ወይም ቅጠልና እንጨት ይዞ ሲመጣ ዕቃ ሳይሰበስቡ መውጣት ነው። ፈቃድና የመሬቱ ባለቤት እሺታ ከአካፋው ይቀድማሉ። ጉድጓዱም ሳይደፈን አይተው።

ሄዋን_ፈላጊ
ፍንጣቂዋን ከገበቴው ወደ ብልቃጥ እንዴት ነው የምትገባው? በጣቴ ስነካት ትጠፋለች።

ጠጠር
ጣትሽ ደረቅ ሳለ ጫፉን ወርቋ ላይ ጫን አድርጊ፤ ትጣበቃለች። ከዚያ በውሃ የተሞላ ብልቃጥ አፍ ላይ ጣትሽን ነክሪ፤ ውሃው ራሱ ይወስዳታል። እርጥብ ጣት ግን ይገፋታል። ብዙ ከሆኑ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም ለስላሳ የሚጨመቅ ጠርሙስ በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ይቀላል። ብልቃጡ ፕላስቲክ ይሁን፤ መስታወት ድንጋይ ላይ ከወደቀ የቀኑ ሥራ አለቀ። ሙሉ ውሃ ይኑረው፣ አየር ካለበት ደቃቁ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

አዲስ_አጣቢ
የእርሳሱ ፈተና ውጤት፦ ከ10 ውስጥ 6 ቀሩ። የጠፉት አራቱም የተጠፈጠፉት ናቸው። ሳፋው ሥር ሁሉም ተገኝተዋል።

ብልቃጥ_በኪስ
ድቡልቡሎቹ አምስቱም ስለቀሩ ነቅነቃህ ደህና ነው። ጠፍጣፋዎቹ የሄዱት ከሁለት በአንዱ ነው። ወይ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው፤ ገበቴው ከውሃ ሲወጣና ሲደርቅ ተመልሶ ሲጠልቅ አየር ከሥራቸው ይገባል። ወይ ደግሞ ገበቴውን አብዝተህ አዘንብለህ ውሃውን እየደፋህ ነው። የሳሙና ጠብታ ጨምር፣ የሚንሳፈፍ ካየህ በጣትህ ጫን አድርገህ አስጥመው፣ ዘንበል የምታደርገውንም ወደ 15 ዲግሪ ቀንሰው። ከዚያ አሸዋውን በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት አሳልፈህ እንደገና ሞክር።

አዲስ_አጣቢ
9።

ዝቃጭ
አሥረኛውን እርከኑ ሥር ፈልገው። ሦስተኛው እርከን ጥግ ላይ አሸዋ ሲጠቀጠቅ ጠፍጣፋ ነገር ይደብቃል፤ ገበቴውን ገልብጠህ ጀርባውን መታ መታ አድርገው።